የሰላይና የጀግና ፊልም፤ ጀግንነቱ ከምኑ ላይ ነው?

ሲኒማ የሚወድ ወጣት ሁሉ ሁለት ዓይነት ሰዎች ያስደንቁታል። አንደኛው ምሥጢር ፍለጋ ከአገር አገር የሚዞረው ሰላይ ነው፤ ሁለተኛው ከሰው በላይ ኀይል ተሰጥቶት በሰማይ የሚበረው ጀግና ነው። ሁለቱም ማንነታቸውን ሰውረው በሰው መካከል ይኖራሉ። ነገር ግን ከሲኒማ ቤት ወጥተን ወደ ትምህርታችንና ወደ መሥሪያ ቤታችን ስንሄድ ከእነርሱ ምን ይዘን እንሄዳለን? ሦስት የታወቁ ፊልሞችን አንሥቼ የተሰማኝን ለአንባብያን ላካፍል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በ1964 የወጣው «ጎልድፊንገር» ነው። ሾን ኮነሪ ጄምስ ቦንድን ሆኖ ይሠራል። አስተን ማርቲን የተባለው መኪናው ከመብራቱ ሥር መትረየስ ተደብቆበታል፤ የጎን መቀመጫውም ጠላትን በጣራው በኩል አስፈንጥሮ ይጥላል። ይህ ሁሉ ልብ ይሰቅላል። እኔን ያስገረመኝ ግን መጨረሻው ነው። የአሜሪካ ወርቅ በተከማቸበት በፎርት ኖክስ የተጠመደው ቦምብ ሊፈነዳ ሲል፣ ቦንድ በሽቦዎቹ መካከል ግራ ተጋብቶ ይጨነቃል። በዚህ ጊዜ አንድ ባለሙያ ከጎኑ እጁን ሰደድ አድርጎ ማጥፊያውን ይነካና ቦምቡ ጸጥ ይላል። ቈጣሪው የቆመው በቦንድ መለያ ቍጥር በ007 ላይ ነው። የባለሙያው ስም ግን ከቶ አይነገርም፤ ተመልካቹም ሲወጣ የሚያወራው ስለ ቦንድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በ1965 የወጣው «ከብርድ የመጣው ሰላይ» ነው። ታሪኩን የደረሰው ጆን ለ ካሬ ራሱ በእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ነበር። በዚህ ፊልም ውስጥ ውብ መኪና የለም፤ ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ ነው። ሪቻርድ በርተን የሚጫወተው ሊማስ የደከመው፣ መጠጥ ያበዛ ሰው ነው። በመጨረሻ የገዛ አለቆቹ እንዳታለሉትና የሚወዳትንም ሴት መሣሪያ እንዳደረጓት ይረዳል። በ1989 የፈረሰውን የበርሊን ግንብ አብረው ሲወጡ ሴቲቱ ተመትታ ትወድቃለች። እርሱ ወደ ምዕራብ ቢዘል ይድናል። ሊማስ ግን እርስዋ ወደ ወደቀችበት ወደ ምሥራቁ ወገን ይወርዳል፤ እዚያው ይገደላል።

ሦስተኛው በ1978 የወጣው «ሱፐርማን» ነው። ይህን ጀግና የፈጠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች በ1938 መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። ክሪስቶፈር ሪቭ በአንድ ፊልም ሁለት ሰው ይሆናል። በጋዜጣው መሥሪያ ቤት ክላርክ ኬንት ተብሎ፣ መነጽር አድርጎ፣ ጐበጥ ብሎና ዓይን አፋር ሆኖ ይታያል። በአንድ ቦታ ላይ መነጽሩን አውልቆ ቀና ሲል ቁመቱም ድምፁም ይለወጣል፤ ወዲያው ሐሳቡን ይቀይርና ተመልሶ ይጐብጣል። የሚወዳት ሎይስ ስትሞት ግን በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ እንዳይገባ አባቱ የሰጠውን ትእዛዝ ጥሶ፣ በምድር ዙሪያ እየበረረ ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሰዎች አስተያዩዋቸው። ሁለቱም በአንዲት ሴት ምክንያት የታዘዙትን ጥሰዋል። ሱፐርማን ኀይል ስለ ነበረው ሙታንን አስነሣ። ሊማስ ምንም ኀይል አልነበረውም፤ ሞቷን መመለስ አልቻለም። የቻለው፣ እርስዋን ጥሎ በመዳን የአለቆቹ ተንኰል ተባባሪ አለመሆንን ብቻ ነው። በእኔ ሚዛን የሚከብደው ይህ ነው፤ መብረር የማይችል ሰው እንኳ ሊያደርገው የሚችል ነውና።

እኛ መትረየስ የታጠቀ መኪና የለንም፤ ክንፍም አልተሰጠንም። ያለን ጠረጴዛና ወረቀት፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ባለጉዳይም ነው። አንድ ቀን አለቃ «ይህን ሰው ዝም ብለህ አሰናብተው» ሲል፣ የባለጉዳዩን እውነት የምናውቅ እኛ ብቻ ልንሆን እንችላለን። ያን ጊዜ እውነቱን በማስታወሻ ጽፎ ማቅረብ የማንም ፊልም ርእስ አይሆንም። ይሁን እንጂ ፎርት ኖክስን ያዳነውም ሥራውን የሚያውቅ፣ በሰዓቱ የደረሰና ስሙ ያልተጠራ ሰው እንደ ነበረ አንርሳ።