ተርብ በቤታችን ዙሪያ፦ እንዴት እንከላከለው? ቢነድፈንስ ምን እናድርግ?

ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ የጤና ፕሮግራማችን የቀረበው ትምህርት ነው። ላልሰሙት እንዲደርስ፣ ለሰሙትም ማስታወሻ እንዲሆን ታትሟል። የዛሬው ርዕሳችን ተርብ ነው።

ቤት ለቤት ስንዞር ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ። «ከቆርቆሮው ሥር ተርብ ሰፍሮብናል፤ በእሳት ብንለበልበው ምን አለበት?» የሚል ነው። መልሱን አስቀድመን እንናገር፦ እባካችሁ እሳት አትጠቀሙ። ምክንያቱንና ከዚያ የተሻለውን ዘዴ ከዚህ በታች ታገኛላችሁ።

ተርብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

በቤታችን አካባቢ በብዛት የምናያቸው ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ወገቡ ቀጭን፣ እግሩ ረጅም ሲሆን፣ እንጨትና ደረቅ ሣር አኝኮ በምራቁ እያላቆጠ ወረቀት የሚመስል ጎጆ ይሠራል። ጎጆው ከጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ ከበር በላይ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። እነዚህ ተርቦች በኅብረት ይኖራሉ። ጎጆአቸው ሲነካ ወይም ሲናወጥ ተሰብስበው ይወጣሉ።

ሁለተኛው ጭቃ ሠሪው ተርብ ነው። ከውሃ ቧንቧ ሥር እርጥብ አፈር እየወሰደ በግድግዳ ላይ የጭቃ ጎጆ ይለጥፋል። ብቻውን የሚኖር ነው፤ ለልጆቹ ቀለብ ሸረሪት እየያዘ ያስገባል። ጎጆውን ለመከላከል ብሎ ሰው አያባርርም፤ በእጅ ካልተያዘ ወይም በልብስ ውስጥ ካልተጨፈለቀ በቀር እምብዛም አይነድፍም። ይህኛውን መፍራት አያስፈልግም። ጎጆው ካስቸገራችሁ ተርቡ በሌለበት ሰዓት በቢላዋ ፍቃችሁ ጣሉት።

ወረቀት ሠሪውም ቢሆን ጥቅም አለው። አባጨጓሬ እያደነ እጮቹን ስለሚመግብ በጓሮ ጎመን ለተከለ ሰው ረዳት ነው። ስለዚህ ጎጆው ሰው ከማይደርስበት ዛፍ ላይ ከሆነ ተዉት። ማንሳት የሚገባን በበር፣ በመጸዳጃ ቤት፣ በውሃ መቅጃና ሕፃናት በሚጫወቱበት ቦታ ያለውን ነው።

ወደ ቤታችን እንዳይመጣ

ተርብ ወደ እኛ የሚመጣው ጥላ፣ ምግብና ውሃ ፈልጎ ነው። በሙቀት ጊዜ ውሃ እየቀዳ ጎጆውን ያቀዘቅዝበታል። ስለዚህ፦

- ስኳር፣ ሻይ፣ ፍራፍሬና ሥጋ ከድናችሁ አስቀምጡ። የጀሪካኑን ክዳን ዝጉ። ሕፃን የሚጠጣበትን ኩባያ ከመስጠታችሁ በፊት ውስጡን እዩ።
- ቆሻሻውን ከቤት ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ጨምሩ፤ በአፈር ሸፍኑት።
- የጭቃ ግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ምረጉ።
- በሳምንት አንድ ቀን የጣሪያውን ሥርና የመጸዳጃ ቤቱን ተመልከቱ።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ጎጆ ሲጀመር ብዙውን ጊዜ አንዲት እናት ተርብ ብቻ ናት ያለችው፤ መጠኑም ከሳንቲም ብዙ አይበልጥም። እሷ በሌለችበት በረጅም እንጨት ማንሳት ቀላል ነው። ከሳምንታት በኋላ ግን ብዙዎች ይሆናሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው።

ልጆች ጎጆውን በድንጋይ እንዳይመቱ አስጠንቅቁ። ድንጋዩን የወረወረው ልጅ ሮጦ ሲያመልጥ፣ የሚነደፈው ምንም ሳያውቅ የሚያልፈው ታናሹ ወይም ውሃ የተሸከመችው እናት ትሆናለች።

ጎጆውን እንዴት እናንሳው?

ጎጆው ከጡጫ የማያንስ ከሆነ ወይም ብዙ ተርብ ካለበት ራሳችሁ አትሞክሩ። ለብሎክ መሪያችሁ ወይም ለጤና ሠራተኛ ንገሩ። በተርብ ወይም በንብ ተነድፎ ሰውነቱ በሙሉ የታመመ ሰውም ይህን ሥራ መሥራት የለበትም። በግንድ ወይም በግድግዳ ውስጥ የሰፈረው ንብ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አትንኩት።

ትንሽ ጎጆ ከሆነ ግን እንዲህ አድርጉ፦

1. ተርቦቹ ጎጆው ላይ እስኪሰበሰቡ ጠብቁ፤ ጨለም ሲል ይሁን። ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ቋንቋችሁ ባይገናኝም በእጅ ምልክት አስረዱ። ልጆች ቤት ይግቡ።
2. እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ሱሪና ጫማ ልበሱ፤ ራሳችሁንና አንገታችሁን በነጠላ ሸፍኑ።
3. ባትሪውን በእጃችሁ አትያዙ፤ ተርብ ወደ ብርሃን ይበራል። መሬት ላይ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።
4. ውሃ ውስጥ ሳሙና በደንብ በጥብጣችሁ፣ ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎጆውን በሙሉ አርጥቡት። የሳሙናው ውሃ ተርቡ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ስለሚዘጋ ይገድለዋል።
5. ወዲያው ራቁ። በማግስቱ ማለዳ ተርብ አለመኖሩን አይታችሁ ጎጆውን በረጅም እንጨት አውርዱና ቅበሩት።

ወንበር ላይ ወይም መሰላል ላይ ወጥታችሁ አትሥሩ፤ ተርቡ ቢወጣ ደንግጦ መውደቅ አለ።

እሳት ለምን አይሆንም? ቤቶቻችን የተጠጋጉ ናቸው። ጣሪያቸው ሣር ወይም የዘንባባ ቅጠል፣ መከለያቸው ፕላስቲክ የሆኑም አሉ። ነፋስ ባለበት ቀን አንድ ብልጭታ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዛመታል። ነጭ ጋዝና ቤንዚን ማርከፍከፍም እንዲሁ ነው። ስሙ ያልተጻፈበትን የተባይ መርዝ በቤት ውስጥ መርጨት ደግሞ ሕፃናትንና ምግብን ይመርዛል።

ተርብ ቢነድፍ

መጀመሪያ ከቦታው ራቁ። የተጨፈለቀ ተርብ ሌሎቹን የሚጠራ ሽታ ሊያወጣ ስለሚችል እዚያው ቆሞ መምታት አያዋጣም። ተርብ እንደ ንብ መንደፊያውን ጥሎ አይሄድም፤ አንዱ ተርብ ደጋግሞ ሊነድፍ ይችላል። የነደፈው ንብ ከሆነ ግን በቆዳ ላይ የቀረውን መንደፊያ ጊዜ ሳታጠፉ በጥፍራችሁ ጠርጋችሁ አውጡ።

ቀጥሎ ቦታውን በውሃና በሳሙና እጠቡ። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል አድርጉበት። ጣት ከተነደፈ ቀለበቱን ሳያብጥ በፊት አውልቁ። ሕመሙ ከባድ ከሆነ ፓራሲታሞል ለዕድሜው በሚገባው መጠን ይሰጣል። እብጠቱ በማግስቱ መጨመሩና ጥቂት ቀናት መቆየቱ የተለመደ ነው። ከቀናት በኋላ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ ግን ወደ ክሊኒክ ኑ።

ቦታውን በምላጭ አትብጡ። ጭቃ ወይም እበት አትለጥፉበት፤ መንጋጋ ቆልፍንና ሌላ ሕመምን ሊያመጣ ይችላል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

የአንዳንድ ሰው ሰውነት የተርብን መርዝ አይችልም፤ ይህ አለርጂ ይባላል። ባለፈው ተነድፎ ምንም ያልሆነ ሰው እንኳ በሌላ ጊዜ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ የተነደፈን ሰው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ብቻውን አትተዉት። ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት፦

- መተንፈስ ሲያቅተው፣ ደረቱ ሲያፏጭ ወይም ድምፁ ሲጎረና፤
- ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ፊቱ ሲያብጥ፤
- ሳማ እንደነካው ሰው መላ ሰውነቱ በሽፍታ ሲሞላ፤
- ሲያስመልሰው፣ ሲያዞረው ወይም ራሱን ሲስት።

አፍ ወይም ጉሮሮ ውስጥ የተነደፈ፣ ብዙ ቦታ የተነደፈና የተነደፈ ጨቅላ ሕፃን ምልክት ባይታይበትም ይምጣ።

በመንገድ ላይ የሚያዞረውን ሰው በጀርባው አስተኙት፤ እግሩን ከፍ አድርጉት። በእግሩ አታስኪዱት፤ ተሸክማችሁ ወይም በተሽከርካሪ አምጡት። መተንፈስ ያቃተውን ግን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት። ለዚህ ሕመም ሕይወት የሚያድነው አድሬናሊን የሚባል መርፌ ነው፤ እሱም በጤና ባለሙያ እጅ ነው ያለው። «እስኪ ትንሽ እንየው» እየተባለ የሚያልፈው ደቂቃ አይመለስም። እንዲህ ታሞ የዳነ ሰው ካለ በሕክምና ካርዱ ላይ እንዲጻፍለት ይጠይቅ።

እናቶች፣ አባቶች፣ ይህን ወረቀት ካነበባችሁ በኋላ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። ዛሬውኑም ወጥታችሁ የጣሪያችሁን ሥር ተመልከቱ።