የከተማ ምክር ቤት ምርጫና ቤተ ሰብ

ሰው ስለ መንግሥት ሥራ ሲጫወት ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ስለ ጦርና ስለ ዕርቅ፥ ስለ ታላላቅ ሹማምንት ሹመትና ሽረት ነው። ይህም ስሕተት አይደለም። ነገር ግን የቤት እመቤት ከማለዳ እስከ ማታ የምትደክምበትን ነገር ብንመረምረው፥ አብዛኛው በቅርብ ካለው ከማዘጋጃ ቤት ዘንድ የሚወሰን ሆኖ እናገኘዋለን። ውሃ በቧንቧ መምጣቱና መቅረቱ፥ ጥራጊ ከደጃፍ መነሣቱ፥ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ በክረምት መበላሸቱ ወይም መጠገኑ፥ በገበያ የሚሸጠው ሥጋ መመርመሩ፥ ይህ ሁሉ የከተማ ጕዳይ ነው። አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ያሉት ስለ ጉርብትና ነው፤ ነገር ግን ስለ ከተማ ምክር ቤትም ሊነገር ይቻላል።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ ጥቂት ልንናገር ወደናል። ነገሩን በባዶ ምክር ከምናቀርበው ይልቅ በእውነት በተደረገ ታሪክ ብናስረዳው የተሻለ መስሎ ስለ ታየን፥ በአሜሪካ አገር በአንዲት ታናሽ ከተማ የሆነውን መርጠናል። ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስተውሉልን።

ካንሳስ በአሜሪካ መካከል ያለች ሰፊ ሜዳና ብዙ የስንዴ እርሻ ያላት ግዛት ናት። በዚያች ግዛት ሴቶች ከ1861 ጀምሮ ለትምህርት ቤት ጕዳይ በሚደረገው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ተፈቅዶላቸው ነበር። በ1887 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሴቶች በከተማ ምርጫ እንዲመርጡና እንዲመረጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ ደስ ያላቸው እንደ ነበሩ ሁሉ ያልወደዱትም ነበሩ። ያልወደዱት ሰዎች «ሴት በከተማ ጕዳይ ከገባች የቤቷን ሥራ ትተዋለች፤ ክብሯም ይቀንሳል» ይሉ ነበር።

አርጎንያ በዚያች ግዛት የምትገኝ፥ በዚያን ጊዜ አምስት መቶ ያህል ሕዝብ ብቻ የነበረባት ከተማ ናት። በከተማዪቱ የመጠጥን ጉዳት የሚቃወሙ ክርስቲያን ሴቶች ማኅበር አቁመው ነበርና፥ አዲሱ ሕግ በወጣ ጊዜ ተሰብስበው ለከተማው ሥራ የሚሹአቸውን ደጋግ ወንዶች ስም ዝርዝር አዘጋጁ። ይህን ያዩ ሃያ ያህል ወንዶች ግን ሴቶቹን ለማሳፈር በስውር ተማከሩ። የሴቶቹን ዝርዝር እንዳለ ገልብጠው፥ በከንቲባው ስም ስፍራ ብቻ ከማኅበሩ ሹማምንት አንዲቱን ወይዘሮ ሱዛና ሳልተርን ጻፉ። ለእኒህ ወይዘሮ ከሃያዎቹ ከራሳቸው በቀር ማንም ድምፅ አይሰጣቸውም፤ ስለዚህ እርሳቸውም ማኅበራቸውም መሳቂያ ይሆናሉ ብለው ነበር።

ይህ ተንኰል እንዴት ሊሠራ እንደ ቻለ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የምርጫ ወረቀት እንደ ዛሬው መንግሥት አትሞ የሚያድለው አልነበረም። እያንዳንዱ ወገን የሚደግፋቸውን ሰዎች ዝርዝር ራሱ አዘጋጅቶ በምርጫው ቀን ያድል ነበር፤ መራጩም የወደደውን ወረቀት ተቀብሎ በሣጥኑ ውስጥ ይጥላል። ተመራጩ ሰው ስሙን አስቀድሞ የማስመዝገብ ግዴታ ስላልነበረበት፥ ስሙ በወረቀት ላይ መውጣቱን ሳያውቅ ሊውል ይችል ነበር። በአውስትራሊያ በ1856 የተጀመረው፥ መንግሥት ባተመው ወረቀት በስውር የመምረጥ ሥርዓት ወደ አሜሪካ ግዛቶች መግባት የጀመረው ገና ከ1888 ወዲህ ነው።

የምርጫው ቀን ሚያዝያ 4 ቀን 1887 ነበር። ወይዘሮ ሱዛና በዚያን ጊዜ የ27 ዓመት ሴት፥ የአራት ትንንሽ ልጆች እናት ነበሩ። አባታቸው አቶ ኦሊቨር ኪንዚ የከተማዪቱ የመጀመሪያ ከንቲባ ሆነው ሠርተው ስለ ነበረ የማዘጋጃ ቤት ነገር ለቤተ ሰቡ እንግዳ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ እርሳቸው ራሳቸው ሹመት ይመጣል ብለው አላሰቡም። ባለቤታቸው በማለዳ ለመምረጥ ሄደው የሚስታቸውን ስም በወረቀቱ ላይ ባዩ ጊዜ ደስ አላላቸውም ነበር ይባላል።

ነገሩ በከተማው በተሰማ ጊዜ የሪፐብሊካን ወገን ሰዎች መልእክተኞች ወደ ወይዘሮ ሱዛና ቤት ሰደዱ። መልእክተኞቹም የቤተ ሰባቸውን ልብስ ሲያጥቡ አገኟቸውና «ሰዎች በርስዎ ሊሳለቁ ስምዎን ጽፈዋል፤ ሕዝቡ ቢመርጥዎ ግን ሥራውን ይቀበላሉን?» ብለው ጠየቁአቸው። ወይዘሮዪቱም እቀበላለሁ ብለው መለሱ። ወዲያው ወሬው ከቤት ወደ ቤት ሄደ፤ የማኅበሩ ሴቶችም አስቀድመው ያሰቡትን ሰው ትተው በአንድነት ለእርሳቸው ድምፅ ሰጡ። ማታ ሣጥኑ ተከፍቶ ድምፁ በተቈጠረ ጊዜ፥ መሳቂያ ይሆናሉ የተባሉት እመቤት ከሦስቱ እጅ ሁለቱን እጅ ያህል አግኝተው ተመረጡ። በአሜሪካ አገር በሕዝብ ድምፅ ከንቲባ የሆኑት የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሳቸው መሆናቸው በታሪክ ይነገራል።

ከዚያም በኋላ «የሴት ከንቲባ ምን ታደርግ ይሆን?» በማለት ወሬው በብዙ አገር ጋዜጣ ተጻፈ። ወይዘሮዪቱ ግን የምክር ቤቱን ስብሰባ በጸጥታና በሥርዓት እየመሩ ዓመታቸውን ፈጸሙ። ያን የመሰለውን ወሬ ይጠብቅ የነበረ ሰው ያገኘው ቀን በቀን የሚሠራ የከተማ ሥራ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ውስጥ ሌላ ልጅ ወለዱ፤ ቤታቸውም አልፈረሰም፤ ምክር ቤቱም አልተበተነም። የዓመቱ ደመወዛቸው አንድ ዶላር ነበር። ዘመናቸው ሲፈጸም ሁለተኛ ለመመረጥ አልፈለጉም፤ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ልጆቻቸውን አሳድገው በ1961 በ101 ዓመታቸው ዐረፉ።

የአርጎንያ ነገር ብቻውን አልቀረም። በዚያው ዓመት በዚያችው ግዛት ሲራክዩስ በምትባል ከተማ የምክር ቤቱ አባሎች ሁሉ ሴቶች ሆነው ተመረጡ፤ በሚከተለውም ዓመት የኦስካሉሳ ከተማ ከንቲባዋንም የምክር ቤት አባሎቿንም ከሴቶች መረጠች። ወደ ኤውሮጳም ብንመለከት ሴቶች ወደ መንግሥት ሥራ የገቡት በከተማ በር መሆኑን እናያለን። በስዊድን ግብር የሚከፍሉ ባል የሌላቸው ሴቶች በ1862፥ በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ በ1869 በከተማ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ተፈቀደላቸው። በ1907 የእንግሊዝ ሕግ ሴቶች በከተማ ምክር ቤት እንዲመረጡ በፈቀደ ጊዜ፥ ሐኪሚቱ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰን በሚከተለው ዓመት የኦልድበራ ከተማ ከንቲባ ሆኑ። የእንግሊዝ ሴቶች ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት መምረጥ የተፈቀደላቸው ግን ገና በ1918 ነበር።

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር ትዝ ይለናል። ወይዘሮ ሱዛና የተመረጡበት ዓመት በእኛ አቈጣጠር 1879 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከእንጦጦ ግርጌ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ለስፍራው አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡለት። የሀገራችን ዋና ከተማ ስሟን ከአንዲት እመቤት አፍ ማግኘቷን የሚያስታውስ ሰው፥ የከተማ ነገር ለሴት እንግዳ ነው ሊል አይችልም። ከብዙ ዘመንም በኋላ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምርጫን አመጣ፤ በፈረንጆች 1957 በተደረገውም ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጠው የመጀመሪያዪቱ ሴት እንደራሴ ሆኑ። በቅርቡም ዘመን ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ነዋሪዎች፥ ወንዱም ሴቱም በአንድ ሰልፍ ቆመው፥ የከተማቸውን ምክር ቤት አባሎች መርጠዋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለቤተ ሰባችን የምናወጣው ትምህርት ምንድር ነው? ዋናው ነገር በከተማ ምርጫ ጥቂት ሰው ብዙ ነገር ማድረግ መቻሉ ነው። ለሀገር ሁሉ በሚደረገው ምርጫ የሃያ ሰው ድምፅ በባሕር ውስጥ እንዳለ ጠብታ ነው። በከተማ ምርጫ ግን የተማከሩ ሃያ ሰዎች አንዲትን እመቤት ሊያሳፍሩ ይቃጣቸዋል፤ የተማከሩ ጎረቤቶችም በአንድ ቀን ውስጥ ያንን ተንኰል ይገለብጡታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ የአርጎንያ ሴቶች ኃይላቸው መተባበራቸው ነበር። በዚያን ቀን «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይጠቅማል?» ብለው ከቤታቸው ቢቀሩ ኖሮ ከተማዪቱ የሃያዎቹ መጫወቻ ሆና ትቀር ነበር። በምርጫ ቀን ከቤቱ የሚቀር ሰው ዝም ያለ ይመስለዋል እንጂ፥ በእውነቱ የራሱን ፈንታ ለሌላ ሰው ሰጥቷል።

ለምክር ቤት መመረጥን ለሚያስብ ሰው የምንለው ይህ ነው። አስቀድሞ ሥራውን ይወቅ፤ ምክር ቤቱ የሚወስነው የቱን እንደ ሆነ፥ የከተማው ገንዘብ ከየት እንደሚገባና በምን እንደሚወጣ ይመርምር። ከምክር ቤት አባሎች አንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ያለው ነውና፥ ብቻውን መንገድ እሠራለሁ፥ ብቻዬን ውሃ አመጣለሁ ብሎ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ራሱንም ሕዝቡንም ያታልላል። ከቤት ወደ ቤት ሄዶ የሰውን ችግር መስማት ለታላቅ ሰው ውርደት አይደለም፤ ይልቁንም የሕዝቡን ቤት ሳያይ ስለ ሕዝቡ ቤት መፍረድ ነው ነውሩ። ሰው ቢሳለቅበትም አይደንግጥ፤ ለስድብ የሚሻለው መልስ በትጋት የተሠራ ሥራ ነው።

ለሚመርጠውም ሰው ምክራችን አጭር ነው። ስሙ በመራጮች መዝገብ ላይ መጻፉን በጊዜው ይመልከት። የተመራጩን ዘመድነት ወይም የትውልድ አገር ሳይሆን እስከ ዛሬ የሠራውን ሥራ ይጠይቅ። አንዱን «ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ብለን ብንጠይቀው፥ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ወዲያው እንለያለን። በቤት ውስጥም ባልና ሚስት፥ አባትና ልጅ ስለ ነገሩ በማዕድ ዙሪያ ይነጋገሩ፤ የቤት እመቤት ስለ ውሃና ስለ ገበያ የምታውቀውን የቤቱ ጌታ አያውቀውምና። ከተነጋገሩ በኋላ ግን እያንዳንዱ እንደ ኅሊናው ይምረጥ። የስውር ምርጫ ሥርዓት የተሠራው፥ ሎሌ ከጌታው፥ ሚስት ከባልዋ ፊት ሳያፍሩ የልባቸውን እንዲጥሉ ነው።

በማዘጋጃ ቤትም ሆነ በሌላ መሥሪያ ቤት ሥልጣን ያላችሁ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ይህን ነገር በቤታችሁ እንድታስተምሩ እናሳስባለን። ድምፅ መስጠትን ልጅ የሚማረው ከአባቱና ከእናቱ ነው፤ ወላጆቹ ለሰፈራቸው ጕዳይ ግድ ሲላቸው ያየ ልጅ፥ አድጎ ለሀገሩ ጕዳይ ግድ ይለዋል። በከተማችን መንገድ ላይ የቆመውን ውሃ አይተን ስናማርር፥ ማማረሩን ለጥቂት ጊዜ አቁመን፥ ባለፈው ምርጫ ቀን የት እንደ ዋልን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።