ማጠፊያውን ያወቀበት ሠዓሊ

በአብደራፊና በመተማ ቆላ የበጋው ወላፈን ሲበረታ ማራገቢያ የግድ ነው፤ ሥዕል ይኑረው አይኑረው ማንም አይጠይቅም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ግን የወይዛዝርት ማራገቢያ የሚደነቀው ከነፋሱ ይልቅ በሥዕሉ ነበር። በስስ ቆዳ ወይም በወረቀት ላይ ቬኑስና አዶኒስ፣ ባከስና አሪያድኔ ይሣሉበታል፤ ዘንጉ ከዝሆን ጥርስ ይቀረጻል። ውብ ናቸው። ሆኖም ብዙዎቹ ሥዕሎች ለግድግዳ ከተሠሩ ታላላቅ ሥዕሎች የተቀዱ በመሆናቸው ከማራገቢያው ጠባይ ጋር አይስማሙም፤ ማጠፊያው ፊትም ይሁን ክንድ ባገኘበት ያልፋል።

ይህን ችግር ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች ቀድመው ፈትተውታል ባይ ነኝ። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ፣ በዎልተርስ ሙዚየም፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ የብራና ማራገቢያ አለ። ብራናው እንደ አኮርዲዮን ታጥፎ 38 ገጽ ወጥቶታል፤ ርዝመቱ 4 ሜትር ገደማ ሲሆን ሲከፈት ዙሪያውን ገጥሞ ክብ ይሆናል። በየገጹ አንድ ምስል ብቻ ቆሟል፤ እመቤታችን እጆቿን ለጸሎት ዘርግታ ትታያለች፣ ቅዱሳኑም ዙሪያውን ይሰለፋሉ። እጥፋቱ አንዱን ቅዱስ ከሌላው ይለያል እንጂ የማንንም አካል አይቆርጥም። በገራልታ ደብረ ጽዮን ቤተ ክርስቲያንም የዚሁ ዓይነት ትልቅ የብራና ማራገቢያ ይገኛል።

እነዚህ ግን ለዑደት የሚወጡ ሥዕሎች ናቸው፤ እንዴት ማራገቢያ ይባላሉ የሚል ይኖራል። ነገር ግን በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሶርያ የተጠናቀረ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ሁለት ዲያቆናት ከብራና፣ ከጣዎስ ላባ ወይም ከጨርቅ በተሠራ ማራገቢያ ነፍሳትን ከጽዋው እንዲከላከሉ ያዝዛል። ማራገቢያ ቅዱስ ዕቃ የሆነው ከጥንት ነው።

የኢትዮጵያው ማራገቢያ ከአውሮፓ የተቀዳ ነው የሚለውም አያስኬድም፤ ታጣፊው የወይዛዝርት ማራገቢያ ከጃፓንና ከቻይና ወደዚያ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ዛሬ በፍሎረንስ ባርጄሎ ሙዚየም የሚገኘው የፈረንሳዩ የቱርኑ ገዳም ማራገቢያ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ እሱም ብራና ነው፣ እሱም ክብ ሆኖ ይከፈታል፣ ቅዱሳንም ተሥለውበታል። ስለዚህ ቅርጹን እኛ ብቻ ፈጠርነው ማለት አንችልም። ልዩነቱ በቦታው አጠቃቀም ላይ ነው። በቱርኑው ብራና ቅዱሳኑ ከሐረግና ከእንስሳት ጋር ቦታ ይሻማሉ፤ የዝሆን ጥርስ ማኅደሩም የሮማዊውን ባለቅኔ የቨርጂልን እረኞች ያሳያል። የኢትዮጵያው ሠዓሊ ገጹን በሙሉ ለአንድ ሰው ሰጥቶ፣ ጌጡን በልብሱ ጥለት ላይ አኖረው።