እምቢ ያለ ጓጉንቸር

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ጧት ጧት ጀልባዎች ውኃ ውስጥ ያደረ መረባቸውን ሰብስበው ይመለሳሉ። የቆሮሶው ቅርፊት ይፋቃል፣ አምባዛው ይበለታል፣ ትርፍራፊው ዙሪያውን ለቆሙት አባ ኮዳዎች ይወረወራል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጀልባ በሰንሰለት አስሮ ወይም የዓሣ ሳጥን ዘግቶ የሚከርም ጓጉንቸር ዕድሜው አያምርም። ዓሣ የበለተ እጅ ሳይታጠብ ቁልፍ ያነሳል። ቅርፊቱ፣ አተላው፣ የወፍ ኩሱና አቧራው ሁሉ የሚገቡት በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነው።

ሐይቁ ብዙም አይከሰስም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ አይታይም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ጨው ማጠራቀሙ የተለመደ ነው፤ ሻላና አቢያታ ለዚህ ምስክር ናቸው። የሐዋሳ ውኃ ግን ከመሬት በታች እየሰረገ ስለሚሄድ ጨዋማነቱ ዝቅ ብሎ ቆይቷል። ስለዚህ የአሞራ ገደል ጓጉንቸር እንደ ምጽዋ ጓጉንቸር በባሕር ጨው አይበላም። የሚያስቸግረው አፈሩ ነው። የሐዋሳ ከተማ የተቀመጠችው በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ሲሆን በሰሜን በኩል የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አለ። አመዱና ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ሲደቅ የመስታወት ባሕርይ ያለው ዱቄት ይሆናል። ይህ ዱቄት ከዘይት ጋር ሲለወስ ነሐስን ቀስ በቀስ ይሞርዳል።

ሁለተኛው ጠላት ሽታው ነው። የሚበሰብስ ዓሣና የወፍ ኩስ አሞኒያ ያወጣሉ፤ መዳብና ዚንክ ተዋህደው የሚሠሩት ነሐስ ደግሞ አሞኒያን አይችልም። ይህ በደንብ የታወቀው በሕንድ በነበረው የእንግሊዝ ጦር ምክንያት ነው። በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ ውስጥ የተቀመጡ የጥይት ቀለሆች ማንም ሳይነካቸው እየተሰነጠቁ ተገኙ። ጥፋቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑን ባለሙያዎች በ1921 እ.ኤ.አ. አስረዱ። ጓጉንቸር ወፍራም ስለሆነ እስከ መሰንጠቅ ላይደርስ ይችላል፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክፍሎች ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ዝገት ግን ሥራውን ለማስተጓጎል ይበቃል።

የእነዚህን ክፍሎች አሠራር ማወቅ ግማሹን ችግር ይፈታል። ቁልፍ የሚሰካበት ክብ ነገር ሲሊንደር ይባላል። ከበላዩ በመስመር የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ፒኖች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው ተቀምጠዋል፤ ከላይ ትንሽ ሞላ ይጫናቸዋል። ቁልፍ በሌለበት ጊዜ የላይኛው ፒን ግማሽ አካሉ በሲሊንደሩ፣ ግማሹ በጓጉንቸሩ አካል ውስጥ ሆኖ መዞርን ይከለክላል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ ፒኖቹን አንስተው መገናኛቸውን ልክ በሲሊንደሩ ጠርዝ ላይ ያደርሱታል። ያኔ ሲሊንደሩ ይዞራል፣ የሚቆልፈው ምላስ ቅስቱ ብረት ላይ ከተቆረጠው ቦታ ይወጣል፣ ቅስቱም ቀጭ ብሎ ይነሳል። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ ግብፆች ከእንጨት ይሠሩት ነበር። ዛሬ በየገበያው ለሚሸጠው ዓይነት መሠረት የጣሉት አሜሪካዊው ሊነስ የል እና ተመሳሳይ ስም ያለው ልጁ ናቸው፤ አባትየው በ1848፣ ልጅየው በ1861 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝተዋል።

ቁልፉ ሲጠፋ ባለሙያው በሽቦ የሚከፍተው በፋብሪካው ስሕተት ተጠቅሞ ነው። ቀዳዳዎቹ ፍጹም በአንድ መስመር ስለማይበሱ ሲሊንደሩ በትንሹ ሲጠመዘዝ ከፒኖቹ አንዱ ቀድሞ ይጠብቃል። ያንን በጣት ስሜት ለይቶ ማንሳት፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚጠብቀውን መፈለግ ነው። ያረጀ ጓጉንቸር ላይ የሚጠፋው ይህ ስሜት ነው። አተላ የያዛቸው ፒኖች ሁሉም እኩል ይከብዳሉ፤ ሞላው የደከመ ፒን ደግሞ ተነስቶ ይቀራል፣ አይመለስም። ጓጉንቸሩ የከበደው ጥንካሬ ስለጨመረ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ቆሻሻ ብቻ ነው። ንጹሕ ጓጉንቸርም ቢሆን ትዕግሥት ይፈልጋል። ቁልፍ ሠሪው የብራማ ኩባንያ ለንደን ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ በመስኮቱ ላይ ሰቅሎ «የሚከፍተኝ 200 ጊኒ ይወስዳል» ያሰኘውን ጓጉንቸር አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ በ1851 እ.ኤ.አ. ሲከፍተው በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ፈጅቶበታል።

ጓጉንቸሩ እምቢ ሲል ወደ ሴጌቶ፣ ማለትም ወደ ብረት መጋዝ፣ ከመሮጥ በፊት መጀመሪያ የሚፈተሸው ሰንሰለቱ ነው። ማዕበል ጀልባዋን እየጎተተ ሰንሰለቱ ከተወጠረ ቅስቱ ምላሱን ይጫነዋል፤ ቁልፉ ትክክል ቢሆንም አይዞርም። ጀልባዋን ወደ ዳር ስቦ፣ ቅስቱን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ማዞር ብዙውን «ተበላሸ» የተባለ ጓጉንቸር ይከፍታል። ቀጥሎ ቁልፉ ራሱ። ከቅጂ የተቀረጸ ቅጂ ከሆነ የመጀመሪያው ቁልፍ መበላትና የማሽኑ ስሕተት ተደራርበውበታል። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ዋናው ቁልፍ ካለ ለቁልፍ ቀራጭ መሰጠት ያለበት እሱ ነው።

ቁልፉ ጤነኛ ከሆነ ሰክቶ ማውጣትና በነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ቀለም ብዙ ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ያረጀ ዘይትና አቧራ ነው፤ ቡናማ ከሆነ ከብረቱ ሞላ ወይም ከቅስቱ የመጣ ዝገት፤ አረንጓዴ ከሆነ ነሐሱ ራሱ እየተበላ ነው። ለጥቁሩ ነጭ ጋዝ ይበቃል፤ በቀዳዳው አፍስሶ፣ ቁልፉን ደጋግሞ እያስገቡ እያወጡ፣ የሚወጣው ጋዝ ጥርት እስኪል ማጠብ፣ በኋላም አንጠልጥሎ ማድረቅ። እሳት በሚነድበት የዓሣ መጥበሻ አጠገብ ግን አይሞከርም። ለቡናማው ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለው የሚረጭ ፈሳሽ ይረዳል። በ1953 እ.ኤ.አ. የተሠራውም እርጥበትን ለማባረርና ዝገትን ለመከላከል ነው፤ መጀመሪያ የተቀባው የአትላስ ሚሳይል አካል ነበር። አረንጓዴው ብዙ ከሆነ አዲስ መግዛት ይረክሳል።

የምግብ ዘይት ማፍሰስ የሚባለው ልማድ ቢቀር ይሻላል። ለሳምንት ያለሰልሳል፤ ከዚያ አየር ሲያገኘው እንደ ሙጫ ይወፍራል፣ የእሳተ ገሞራውንም ዱቄት ይሰበስባል። ግራሶም ከዚህ አይሻልም። የታጠበ ጓጉንቸር የሚፈልገው ደረቅ ነገር ነው፤ የእርሳስ ጥቁር ሞርዶ ዱቄቱን ቁልፉ ላይ ነስንሶ ማስገባት ይበቃል። እርሳሱ ግራፋይት ስለሆነ ያንሸራትታል፣ አቧራም አይዝም።

አሰቃቀሉም ሚና አለው። ቀዳዳው ወደ ታች እንዲያይ ሆኖ የተሰቀለ ጓጉንቸር የገባበትን ውኃ ያወርዳል፤ ቀዳዳው ወደ ላይ ሆኖ አሸዋ ላይ የተጋደመው ይጠጣል። ከታጠበ በኋላም ቅስቱ ነጻ እንደሆነ፣ ሰንሰለት ውስጥ ሳይገባ፣ ደጋግሞ መቆለፍና መክፈት ያስፈልጋል። ጀልባዋ ላይ ከተቆለፈ በኋላ ሞላው የደከመ መሆኑ ቢታወቅ የሚቀረው ሴጌቶ ነው።