ቀጭኑ ጥብጣብ ስንት ይችላል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 2024 ኢስቶኒያዊው ያን ሮሴ የጣሊያንን የብስ ከሲሲሊ ደሴት በሚለየው የሜሲና ሰርጥ ላይ፣ ከአንድ ማማ ወደ ሌላው በተዘረጋ 3,646 ሜትር ጥብጣብ ላይ በእግሩ ተጓዘ። የጥብጣቡ ወርድ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጉዞው ሊያበቃ 80 ሜትር ያህል ሲቀረው ሚዛኑን ስቶ ወደቀ። ከወገቡ ጋር የታሰረችው ገመድ ያዘችው፤ ተመልሶ ወጣና መንገዱን ጨረሰ። ጉዞው በጠቅላላው ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ተጠናቀቀ። መውደቁ የዓለም ክብረ ወሰኑን አሳጣው፤ ሰውየው ግን በሰላም ገብቷል።

በማግስቱ ብዙ የተወራው ስለ እግሩ ነበር። የገበያ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው። አንድ ሰው ከባሕር በላይ ሲወድቅ ሕይወቱን የያዙለት ዕቃዎች ምን ምን ናቸው? ማን ይሠራቸዋል? ገዢውስ ጥራታቸውን በምን ያውቃል?

ስፖርቱ ስላክላይን ይባላል (ዘመኑ ሁሉ ከዚህ በታችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በሁለት ዛፎች መካከል ጥብጣብ ወጥሮ በላዩ መሄድ ነው። ጥብጣቡ ከገደል ገደል ሲዘረጋ ሃይላይን የሚል ስም ያገኛል። ከሰርከስ ሽቦ የሚለየው መለጠጡና መወዛወዙ ነው፤ ሽቦው ድልድይ ከሆነ ይኼኛው በቅሎ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ታሪኩ የሚጀምረው በካሊፎርኒያ፣ በዮሴሚቲ ሸለቆ ነው። ቋጥኝ የሚወጡ ወጣቶች ሥራ ሲፈቱ በመኪና ማቆሚያ አጥር ሰንሰለት ላይ መሄድ ይለማመዱ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዳም ግሮሶውስኪና ጄፍ ኤሊንግተን የተባሉ ወጣቶች ሰንሰለትና ሽቦውን ትተው የተራራ ወጪዎችን የናይለን ጥብጣብ መወጠር ያዙ። በ1985 ስኮት ባልኮም በዚያው ሸለቆ ሎስት አሮው ስፓየር በተባለው የዓለት ጫፍና በዋናው ገደል መካከል 17 ሜትር ያህል ተሻገረ። ከእግሩ ሥር ከ800 ሜትር በላይ ባዶ አየር ነበር። በዚያን ጊዜ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ይህ ነው የሚባል ዕቃ በገበያ አልነበረም። ጥብጣቡም ቀለበቱም ከተራራ ወጪና ከክሬን ሠራተኛ የተለቃቀመ ነው።

ገበያውን ለተራው ሰው የከፈተው ጀርመን ውስጥ በ2007 የተመሠረተው ጊቦን የተባለ ኩባንያ ነው። ያቀረበው ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥብጣብ ሲሆን፣ መወጠሪያው የጭነት መኪና ዕቃ የሚጠፈርበት ባለጥርስ ብረት ነው። ቃሊቲ ጭነት ሲያስር የዋለ የሾፌር ረዳት ቢያየው «ይኼማ የኛው ነው» ሳይል አይቀርም። ብልሃቱ ያለው ማሸጊያው ላይ ነበር። ስለ ቋጠሮና ስለ ፓራንኮ የማያውቅ ሰው ካርቶኑን ከፍቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይወጥራል። ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ሆኖ በስፖርት መደብሮች መደርደሪያ ላይ ገባ። በፌብሩዋሪ 2012 ደግሞ አንዲ ሉዊስ የተባለ አሜሪካዊ በሱፐር ቦውል የዕረፍት ሰዓት ከማዶና ጋር በጥብጣብ ላይ ሲዘል በአሜሪካ ብቻ ከ110 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመለከተው። ይህን ማስታወቂያ ከፍሎ የሚችለው የለም።

ዛሬ ገበያው ሁለት ነው። አንደኛው ይኸው የጓሮና የመናፈሻ ዕቃ ነው፤ ብዛት ይሸጣል፣ ትርፉ ቀጭን ነው። ሁለተኛው የሃይላይን ዕቃ ሲሆን፣ በአሜሪካ ባላንስ ኮሚዩኒቲ፣ በአውሮፓ ላንድክሩዚንግ የመሳሰሉ አነስተኛ ድርጅቶች የያዙት ነው። ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው በጥብጣቡ ላይ የሚሄዱ ናቸው። እዚህ ጥብጣቡ 25 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ሆኖ በሜትር ይሸጣል። ረዘም ላለ መስመር የተሟላ ዕቃ ልግዛ ያለ ሰው ሂሳቡ አንድ ሺህ ዶላርን በቀላሉ ይዘልበታል።

ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥር የመበጠሻ ኃይል ነው፤ በኪሎ ኒውተን ይጻፋል። አንድ ኪሎ ኒውተን የ102 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነው። 30 ኪሎ ኒውተን የሚል ጽሑፍ አይቶ «ሦስት ቶን ይሸከማል፣ እኔ 80 ኪሎ ነኝ» ብሎ የሚደሰት ገዢ አይጠፋም። ሁለት ጊዜ ተሳስቷል።

አንደኛው ስሕተቱ ቁጥሩን ማንበብ ላይ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው አዲስ ጥብጣብ በመሳቢያ መሣሪያ ላይ ተስቦ የተበጠሰበትን ነው። የሥራ ጭነት የሚባለው ከዚያ ብዙ ጊዜ አምስተኛው ብቻ ይሆናል፤ በዚህ ምሳሌ 6 ኪሎ ኒውተን። ባንክ ያለ ገንዘብ ሁሉ የዕለት ወጪ አይደለም እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የሚመጣው ከሂሳብ ነው። ጥብጣቡን የሚስበው የሰውየው ክብደት እንዳለ አይደለም። ሰው መሐል ላይ ሲቆም በየጫፉ የሚያርፈውን ስበት በግርድፉ ለማወቅ ክብደቱን በመስመሩ ርዝመት አባዝቶ ለርግበቱ አራት እጥፍ ማካፈል ይበቃል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ20 ሜትር መስመር መሐል ቆሞ ጥብጣቡ 1 ሜትር ቢረግብ ስበቱ 400 ኪሎ ግራም ወይም 4 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው። «የላላ ነገር አያስተማምንም» ብሎ ይበልጥ ቢወጥረውና ርግበቱ ወደ ግማሽ ሜትር ቢወርድ 8 ኪሎ ኒውተን ይደርሳል። ሰውየው አልወፈረም፤ ከሥራ ጭነቱ ግን አልፏል። ለጀማሪ የጠበቀ መስመር አስተማማኝ ይመስለዋል፣ የሚጎዳውም እሱው ነው። ባለጥርሱ ብረት ደግሞ ሲፈታ ያጠራቀመውን ኃይል በአንዴ ስለሚለቅ ጣትም ፊትም አይምርም። ሃይላይነሮች ለዋናው መስመር የማይጠቀሙበት ለዚህም ጭምር ነው፤ በፓራንኮ ወጥረው ጥብጣቡን በመያዣ ይቆልፉታል።

ቋጠሮ የጥብጣቡን ጉልበት ከሲሶ እስከ ግማሽ ሊበላ ይችላል። እጥፋቱ ስለታም ስለሚሆን ድሩ እኩል አይሳብም። ዌብሎክ የተባለው የብረት መያዣ ገበያ ያገኘው በዚህ ነው። ጥብጣቡ በክብ ብረት ላይ ተጠምጥሞ በራሱ ጫና ይያዛል፤ ቋጠሮው የሚበላው ጉልበት አብዛኛው ይድናል። ጥሬ ዕቃውም የየራሱ ጠባይ አለው። ናይለን በጣም ይለጠጣል፣ ውሃ ሲጠጣ ይደክማል። ፖሊስተር ብዙም አይለጠጥም፣ ዝናብም ያን ያህል አይጎዳውም። ዳይኒማ የሚባለው ቀላልና እጅግ ብርቱ ነው፤ ግን ሙልጭልጭ ስለሆነ ቋጠሮ አይይዝለትም፣ በ150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢም ይቀልጣል። ሙቀት ከየት ይመጣል ለሚል፣ ጥብጣብ በጥብጣብ ላይ ሲፋተግ ይመጣል።

ገደል ላይ ሲወጣ ሕጉ አንድ ነው፤ ሁሉም ነገር ሁለት ይሆናል። ከዋናው ጥብጣብ ሥር ሁለተኛ ተጠባባቂ መስመር ላላ ተደርጎ ይሄዳል፤ በየተወሰነ ርቀት በፕላስተር ይያያዛል። ዓለቱ ላይ የሚመታው ቡሎን ከአንድ በላይ ሆኖ ጭነቱን ይካፈላል፤ አንዱ ቢነቀል ሌላው እንዲይዝ። ጥብጣቡ የዓለት ጠርዝ እንዳይነካው ከሥሩ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይነጠፋል። ነፋስ እንዳያርገበግበው ሆን ተብሎ ይጠመዘዛል። ሰውየው የወገብና የጭን ቀበቶ ይታጠቃል፤ ከቀበቶው የሚወጣው ገመድ በጥብጣቡ ላይ ከሚንሸራተቱ ቀለበቶች ጋር ይታሰራል። ጀማሪ ሁሉ ረጅሙን መስመር ይፈራል። ለሰውነት ክፉው ግን አጭርና የጠበቀው ነው፤ ረጅሙና የላላው የወደቀውን ሰው እያረገበ ይቀበለዋል።

ይህ ሁሉ ዕቃ ተገዝቶ አንድ ቀላል ነገር ይቀራል። ገመዱን ከቀበቶው ጋር የሚያገናኘው ቋጠሮ በሰው እጅ ነው የሚታሰረው። ሳይጨረስ የተተወ ቋጠሮ ሺህ ዶላሩን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ልማዱ ሰውየው ከመነሳቱ በፊት ሌላ ሰው ቋጠሮውን በዓይኑ አይቶ በእጁ እንዲነካ ነው። ዋጋው ዜሮ ነው፤ ምናልባትም ለዚህ ይሆናል የሚረሳው።

የማንሻ ዕቃ ለሚያስመጣ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከዚህ ገበያ አንዱ ክፍል እንግዳ አይሆንበትም። ሃይላይነሮች ዓለትና ዛፍ የሚያቅፉበት ክብ ማንጠልጠያ ክሬን ብረትና ማሽን የሚያነሳበት ራሱ ነው። በአውሮፓው ኢኤን 1492 ደረጃ ሐምራዊው 1 ቶን፣ አረንጓዴው 2፣ ቢጫው 3፣ ቀዩ 5 ቶን ያነሳል። ቁጥሩ የሥራ ጭነት ነው፤ መበጠሻው ቢያንስ ሰባት እጥፍ መሆን አለበት። የስላክላይን ሻጭ የመበጠሻውን፣ የክሬን ዕቃ ሻጭ የሥራ ጭነቱን ይጽፋል፤ ሁለቱን አንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ቁጥር ያወዳደረ ሰው ደካማውን ብርቱ አድርጎ ይገዛል። ቀለም ደግሞ ማንም ይነክራል። የሚታመነው የተሰፋው መለያ ነው፤ መለያው የወለቀ ማንጠልጠያ መልኩ ምንም ቢያምር ከሥራ ይወጣል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው (በ2001 ኖቤል ያስገኘለት) ለአሮጌ ጥብጣብ ተብሎ የተጻፈ ይመስላል። ሻጩ ጥብጣቡ ስንት ወር ፀሐይ ላይ እንደተሰቀለ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ፀሐይ የናይለንን ጉልበት ስትበላ ቀለሙ ጥቂት ይደበዝዝ እንደሆን እንጂ ከውጭ ብዙም አይታይም። ስለዚህ ገዢው ሁሉንም እንደ መጥፎ ቆጥሮ ዋጋ ይሰብራል፣ ደህና ዕቃ ያለውም አልሸጥም ይላል።

ገበያው ለዚህ የሰጠው መልስ በከፊል ነው። ጀርመን በ2012 ለስላክላይን ዕቃ ዲን 79400 የተባለ ደረጃ አወጣች። በ2015 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የስላክላይን ማኅበር የራሱን የዕቃ ደረጃ ያወጣል፣ የአደጋ ሪፖርት ይሰበስባል፣ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃም ያስጠነቅቃል። ጥንቁቅ ሠሪዎችም ስበው የበጠሱትን ውጤት ለገዢ ያሳያሉ። ይሁን እንጂ ደረጃ ሕግ አይደለም፤ ርካሹን ካርቶን ከማይታወቅ ሻጭ የሚገዛ ሰው እጅ የሚደርሰው ወረቀት ላይ የታተመ ቁጥር ብቻ ነው።

የሃይላይን ሰዎች በበኩላቸው ለአሮጌው ዕቃ የያዙት ልማድ አላቸው። ዕድሜው ያለቀ ጥብጣብ ሲጣል እንዳለ አይጣልም። ከቆሻሻ ያነሳው ሰው መልሶ እንዳይሸጠው በመቀስ ሜትር በሜትር ይቆራረጣል።