የሁለት መስመር ኪራይ ከፍሎ የአንድ መስመር አገልግሎት ላለማግኘት

የጌዴኦ ዞን መቀመጫ የሆነችው ዲላ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከላት አንዷ መሆኗ ይታወቃል። የክልሉ ተቋማት በተለያዩ ከተሞች የተደለደሉ በመሆናቸው፣ በርቀት የሚካሄደው ስብሰባና የሰነድ ልውውጥ በኔትወርክ መስመሮች ላይ የሚያሳድረው ጫና ቀላል አይደለም።

የወረዳና የዞን ጽሕፈት ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር ለማገናኘት በ1990ዎቹ የተጀመረው ወረዳ ኔት በሳተላይትና በምድር መስመሮች የተዘረጋ እንደነበር ይታወሳል። በሁለት ከተሞች የሚገኙ ራውተሮችን ከሚያገናኙት ሲሪያል መስመሮች አንዱ የሆነው ኢ-1 በሰከንድ 2 ነጥብ 048 ሜጋ ቢት ብቻ ያስተላልፋል። ፋይበር በቀጥታ ለደረሰው ጽሕፈት ቤት ይህ አያሳስብም፤ በኢ-1 የሚሠራ ተቋም ግን አቅሙ ሲያንሰው ሁለተኛ መስመር ይከራያል። ጥያቄው የሚነሳው ሁለቱ እንዴት ይጣመሩ በሚለው ላይ ነው።

ቀላሉ ዘዴ እያንዳንዱን ግንኙነት ለአንድ መስመር መመደብ ነው። ራውተሩን አያደክምም፤ ብዙ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ለሚጠቀሙበት ጽሕፈት ቤትም በቂ ነው። ይሁንና አንድ ቪዲዮ ኮንፈረንስ ወይም አንድ ትልቅ የፋይናንስ ፋይል ከአንዱ መስመር አቅም በላይ አያገኝም። ሁለት መስመር ተከራይተን ፋይሉ ለምን አልፈጠነም የሚለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ፓኬት የሚባሉትን የመረጃ እሽጎች በየተራ በሁለቱ መስመሮች መላክም ይቻላል። ኋላ የተላከው ቀድሞ በደረሰ ቁጥር ግን ቪዲዮው ይቆራረጣል፣ የፋይሉም ዝውውር ይዘገያል፤ ስለዚህ አይመከርም።

መልቲሊንክ ፒፒፒ የተሰኘው ስልት እሽጉን ከፋፍሎ ለየክፋዩ ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ተቀባዩ ራውተርም በቁጥሩ መሠረት መልሶ ይገጥመዋል። ሁለቱ ኢ-1 መስመሮች ወደ 4 ሜጋ ቢት የሚጠጋ አቅም ያለው አንድ መስመር ይሆናሉ፤ አንዱ ቢቋረጥም ሌላው ይቀጥላል። የጋራ ደረጃ ስላለው የተለያዩ አምራቾች ራውተሮችም ሊግባቡበት ይችላሉ። ክፍፍሉና ገጠማው የራውተሩን ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ግን አሮጌ ራውተር ያለው ተቋም አስቀድሞ ሊያስፈትሽ ይገባል።

ሳተላይትንና የምድር መስመርን በዚህ ስልት ማጣመር ስህተት ነው። ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ መልእክቱ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ በምድር ቀድሞ የደረሰው ክፋይም ቆሞ ይጠብቃል። ሁለቱም ያሉት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሳተላይቱን ለመጠባበቂያ ቢያስቀምጠው ይሻላል።

ማጣመር ከአካላዊ ብልሽት እንደማይጠብቅም ልብ ማለት ያሻል። ከዲላ ወደ ሐዋሳ የሚሄዱ ሁለት መስመሮች በአንድ ቦይ የተቀበሩ ከሆነ አንድ የመንገድ ቁፋሮ ሁለቱንም ሊቆርጥ ይችላል። በመሆኑም መስመሮቹ በየት በኩል እንደሚያልፉ አቅራቢው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ መጠየቅ ያለበት ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።