ከተራራ ላይ ማዕድን ስለሚያወርድ የአየር ገመድ መንገድ

ማዕድን ሁልጊዜ ሰው በሚቀመጥበት ሜዳ አይገኝም። ብርና መዳብ ብዙ ጊዜ የሚገኙት መንገድ በሌለበት በከፍተኛ ተራራ ላይ ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ ድንጋዩን ቆፍሮ ከማውጣት ይልቅ ወደ ማቅለጫው ማውረድ ይከብዳል፤ በቅሎ የምትሸከመው ጥቂት ነው፤ የምትበላውም ከቆላ ተጭኖ ሊወጣላት ያስፈልጋል፤ ገደሉም ሰውንና ከብትን ይፈጃል። ስለዚህ የማዕድኑ ትርፍ በመንገድ ያልቅ ነበር። ይህን ችግር ያቃለለው የአየር ገመድ መንገድ ነው፤ ይኸውም በባዕድ ቋንቋ ቴሌፌሪክ የሚባለው ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በገመድ ዕቃ ማሻገር የቆየ ጥበብ ነው። በ1644 አዳም ዊቤ የተባለ የኔዘርላንድ ሰው በዳንዚግ ከተማ ምሽግ ሲሠራ፥ በብዙ ምሰሶዎች ላይ ገመድ ዘርግቶ፥ ቅርጫቶች አንጠልጥሎ፥ አፈሩን ከኮረብታ ወንዝ አሻግሯል። ገመዱን የሚስቡት ፈረሶች ነበሩ። ነገር ግን ያ ገመድ ከቃጫ የተገመደ ስለ ነበረ ለከባድ ሸክምና ለረዥም ጊዜ የሚበቃ አልነበረም።

ዋናው ለውጥ የመጣው በጀርመን አገር በሃርዝ ተራራ ነው። በዚያ የሚሠሩ ሰዎች ማዕድኑን ከጥልቅ ጉድጓድ የሚያወጡት በቃጫ ገመድ ወይም በብረት ሰንሰለት ነበር። ቃጫው ይበሰብሳል፤ ሰንሰለቱም ከቀለበቶቹ አንዱ ብቻ ቢሰበር ሸክሙ በድንገት ይወድቃል። የማዕድን ሥራ ሹም የነበረው ዊልሄልም አልበርት ይህን ተመልክቶ በ1834 ከብረት ሽቦ ገመድ አስገመደ። አራት አራቱን ሽቦ በአንድነት ጠምዝዞ፥ ሦስቱን ጥምዝም እንደ ገና አንድ አደረገ፤ ሽቦውም በጠቅላላው 12 ሆነ። ከነዚህ አንዱ ቢበጠስ የቀሩት ይይዛሉ፤ ሠራተኛውም የተበጠሰውን አይቶ አደጋ ሳይደርስ ገመዱን ይለውጣል። አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት በብረት ተፈጸመ።

የሽቦ ገመድ ከተገኘ በኋላ የአየር መንገድ ሥራ ፈጥኖ ተስፋፋ። በ1868 እንግሊዛዊው ቻርልስ ሆጅሰን አንዱ ገመድ ሸክሙን ተሸክሞ ራሱ የሚሄድበትን አሠራር አወጣ። በ1874 ደግሞ ጀርመናዊው አዶልፍ ብላይኸርት ሥራውን ለሁለት ገመድ ከፈለው። ወፍራሙ ገመድ እንደ ባቡር ሐዲድ ሳይንቀሳቀስ ይሸከማል፤ ባልዲዎቹም በትናንሽ መንኰራኵር በላዩ ይሄዳሉ። ቀጭኑ ገመድ ግን በመዘውር ላይ እየዞረ ባልዲዎቹን ይስባል። ማዕድኑ ከላይ፥ ማቅለጫው ከታች ሲሆን፥ ተጭነው የሚወርዱት ባልዲዎች በክብደታቸው ባዶዎቹን ወደ ላይ ይጐትታሉ። ቁልቁለቱ በቂ በሆነበት ስፍራ ሞተር እንኳ ሳያስፈልግ ፍሬን ብቻ ይበቃል። እንዲህ ሆኖ፥ አስቀድሞ ጠላት የነበረው ቁልቁለት አገልጋይ ሆነ።

ከነዚህ መንገዶች እጅግ የሚደነቀው በደቡብ አሜሪካ በአርጀንቲና የሚገኘው ነው። የብላይኸርት ኩባንያ ከቺሌሲቶ ከተማ በፋማቲና ተራራ ላይ እስካለው እስከ ላ ሜሂካና ማዕድን ድረስ 35 ኪሎሜትር ያህል ገመድ ዘረጋ። ሥራው በ1903 ተጀምሮ በ1905 መጀመሪያ ተመረቀ። ዘጠኝ ጣቢያዎችና 262 የብረት ምሰሶዎች አሉት። ከታችኛው ጣቢያ እስከ ላይኛው ያለው ከፍታ 3,500 ሜትር ያህል ነው፤ የላይኛውም ጣቢያ ከራስ ዳሸን ጫፍ ጋራ የሚተካከል ነው። አየሩ በሳሳበት በዚያ ስፍራ ብረቱን ያወጡት በቅሎዎችና ሰዎች ናቸው፤ በቅሎን ከሸክም የሚያሳርፈውን ገመድ አስቀድማ የተሸከመችው በቅሎ ነበረች። ነገር ግን ገመድ የማጓጓዣን ዋጋ ያረክሳል እንጂ መዳብን በገበያ አያስወድድም። ከ1914ቱ ጦርነት በኋላ ሥራው እየደከመ ሄዶ በ1920ዎቹ ዓመታት ቆመ፤ በ1982 ግን መንግሥቱ መንገዱን የታሪክ ቅርስ አድርጎ አስከበረው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስዊድን የነዳጅ እጥረት ስለ ደረሰባት፥ በ1943 ከክሪስቲነበርግ እስከ ቦሊደን 96 ኪሎሜትር የሚሆን የማዕድን ገመድ ተሠራ፤ እርሱም እስከ 1987 አገለገለ። ይኸው ጥበብ ለሌላም ጭነት ውሏል። ኢጣሊያኖች በ1930ዎቹ ዓመታት ከምፅዋ ወደብ እስከ አሥመራ ከ70 ኪሎሜትር በላይ የሆነ ገመድ ዘርግተው ነበር፤ በኋላ ግን በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ተነቀለ።

አስተማሪ ይህን ለልጆች በቀላሉ ሊያሳያቸው ይችላል። አንድ የእንጨት መዘውር ከፍ ባለ ስፍራ፥ ሌላውንም ዝቅ ባለ ስፍራ ተክሎ፥ ገመድ በሁለቱ ላይ አዙሮ ጫፍና ጫፉን ይቋጥር። በአንዱ ወገን ድንጋይ የያዘ ቅርጫት ከላይ፥ በሌላው ወገን ባዶ ቅርጫት ከታች ያንጠልጥል። ድንጋዩ ሲወርድ ባዶው መውጣቱን ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያም ከገመዱ አንዲት ክር መዝዘው በጣታቸው ይበጥሱ፤ ቀጥለውም ገመዱን በሙሉ ለመበጠስ ይሞክሩ። አልበርት በሃርዝ ተራራ ያስተዋለውን ያን ጊዜ በእጃቸው ያውቁታል።